አበባውን የሸፈነ ወተት

ጋሽ ተክላይ ላሜን ሲዳብሷት ያገኘኋቸው በቅበላ ሰሞን፣ ከገበያ ስመለስ ነው። የግቢው በር ገርበብ ብሎ ነበር። ገፋ አድርጌ ብገባ፣ ሰውየው ነጭ ጋዋናቸውን እንደለበሱ መሐል ግቢዬ ላይ ቆመዋል። አንድ እጃቸው ኪሳቸው ውስጥ ነው፤ ሌላው የፒያኖ ሽንጥ ላይ። ልኳንዳ ነጋዴ ላም አያይም። ጎድን ነው የሚያየው፣ ታላቅና ታናሽ ነው የሚያየው፣ ምላስና ሰንበር ነው የሚያየው። ባሌ አባይነህ ደግሞ አጠገባቸው እጁን አጣምሮ፣ ያረጀ ሶፋ እንደሚያስገምት ሰው ቆሟል።

«ጋሽ ተክላይ፣ እጅዎን ከላሜ ላይ ያንሱልኝ!» አልኩ፣ ዘንቢሌን ሳላስቀምጥ።

«እንዴት ዋልሽ አይናዲስ? ምነው፣ ሰላምታ እንኳን ሳንለዋወጥ?»

«ሰላምታው ይደርሳል። መጀመሪያ እጅዎ።»

አነሱ። ደግሞ ሲያነሱ መዳፋቸውን በጋዋናቸው ጠረጉት፤ ይሄ የበለጠ አናደደኝ። ላሜ ንጹሕ ናት። ከሳቸው ጋዋን በእጅጉ ትሻላለች።

ፒያኖ ጥቁርና ነጭ የፈረንጅ ዲቃላ ናት። አባቴ በጎረምሳነቱ ውቤ በረሃ ያመሸ ሰው ነበርና፣ ገና ጥጃ ሳለች አያትና «ይቺማ ፒያኖ ናት» አለ፤ ስሙ በዚያው ጸና። እሱ ካረፈ ወዲህ የቀሩኝ እሷና አበባ ያለበት ባልዲው ናቸው። እሪ በከንቱ ውስጥ ከዚህ ግቢ ወተት ያልጠጣ የድሮ ልጅ የለም። አሁን ሰፈሩ ሳስቷል፤ ግማሹ ጎረቤት ወደ ኮንዶሚኒየም ሄዷል፣ በረት የነበረው ሁሉ መጋዘን ሆኗል። ፒያሳ አካባቢ ላም አለኝ ስል ሰው ቀልድ የነገርኩት ይመስለዋል። ይምሰለው። እኔ የምቀልድበት ጉዳይ አይደለም።

«አይኑዬ፣ ቁጭ ብለን እንነጋገር» አለ አባይነህ።

«ቆሜም ይሰማኛል።»

«ለፋሲካ ቅርጫ... ለጋሽ ተክላይ ቃል ሰጥቻለሁ።»

አባይነህ ክፉ ሰው አይደለም። ቢሮ ውሎ የሚገባ፣ ድምፁን ከፍ የማያደርግ፣ እኔ ስጮህ ተነስቶ መስኮት የሚዘጋ ሰው ነው። ግን ፉርሽካ እሳት ሆነ፤ የፋጉሎማ ስሙን መጥራት ተፈራ። እሱም የላሟን ቀለብ በግማሽ ቀነሰው። ቀለቧ ሲቀንስ ወተቷ ቀነሰ፤ ወተቷ ሲቀንስ ደግሞ «ይኸው፣ ምን ታደርግልናለች?» ማለት ጀመረ። አስርቦ፣ ከሳች ብሎ መክሰስ ይሏል ይሄ ነው። ይህን ሁሉ ጋሽ ተክላይ ፊት ነገርኩት። መስኮት የሚዘጋበት ቦታ አልነበረም፣ ግቢ ውስጥ ነን።

ከዚያ ባልዲውን አምጥቼ መሐላቸው አስቀመጥኩት። ነጭ የድሮ ባልዲ ነው። ከውስጥ በኩል ግንዱ ከታች፣ ቅጠሎቹ ከመሐል፣ ቀይ አበባው ደግሞ ከአፉ ዝቅ ብሎ ተስሎበታል። አባቴ የላምን ደህንነት የሚለካው በዚያ ነበር። አልቦ ሲጨርስ ጎንበስ ብሎ ያያል። አበባው ወተት ውስጥ ከጠፋ «ደህና ናት» ይላል፤ ካልጠፋ ቁርሱን ሳይበላ በቀጥታ ወደ ግርግሙ ይሄዳል፣ ምን እንደጎደለባት ሊያይ።

«ሆሳዕና ጠዋት አልባታለሁ» አልኩ። «ወተቱ አበባውን ከሸፈነ ፒያኖን ማንም አይነካትም፣ ዘንድሮም ለከርሞም። ካልሸፈነ እኔው ራሴ አስሬ አስረክብዎታለሁ።»

አባይነህ ደንግጦ አየኝ። ጋሽ ተክላይ ባልዲው ውስጥ አጮልቀው አዩ። የዚያን ዕለት ጠዋት ወተቱ ከግንዱ አላለፈም ነበር፤ የደረሰበት ቦታ ምልክቱ አሁንም ይታያል።

«ይሁን» አሉና ሳቁ። «ሆሳዕና ገመዴን ይዤ እመጣለሁ።»

ያ ሳቃቸው ለሁለት ወር ያህል ጆሮዬ ውስጥ ኖረ። ማታ ስተኛም ጠዋት ስነሳም እሰማው ነበር።

ውርርዱን ስገባ ምንም የተዘጋጀ ብልሃት አልነበረኝም፤ ንዴት ብቻ ነበረኝ። ብልሃቱ የመጣው ከንዴቱ በኋላ ነው። እዚያው ግቢ በረንዳ ላይ ተቀምጬ፣ ራሴን ላረጋጋ ማንጎ እየላጥኩ ሳለ ፒያኖ አንገቷን በአጥሩ ላይ አስግጋ ልጣጩን ከጉልበቴ ላይ ወሰደችው። ሁለተኛውንም ወሰደች። ሦስተኛውን ፌስታል ውስጥ ብደብቀው ፌስታሉን ሳይቀር ልትውጥ ነበር፣ ታግዬ ነው ያስጣልኳት። ያኔ ሰላሀዲን ትዝ አለኝ።

ሰላሀዲን ከጊዮርጊስ ወረድ ብሎ ጁስ ቤት አለው። ሁዳዴ የገባ ዕለት የኔ ንግድ ይተኛል፣ የሱ ይነሳል። እኛ ጾመኞች ወተት ስንተው ጁስ ላይ ነው የምንዘምተው፤ ወተቴን የሚገዙኝ ጴንጤ ጎረቤቶቼ ብቻ ይሆናሉ። ጁስ ቤቱ ለደንበኛው ስለማይበቃ ሰው መንገድ ላይ ቆሞ ይጠጣል። ከጓሮው ደግሞ የማንጎ ልጣጭና ፍሬ የሞላው ማዳበሪያ ተደርድሮ ዝንብ ይጠራል።

«ሰላሀዲን፣ ይሄን ሁሉ ልጣጭ ምን ታደርገዋለህ?» አልኩት።

«አቦ እትዬ አይናዲስ፣ እሱ እኔን ምን እንደሚያደርገኝ ቢጠይቁኝ ይሻላል! ቆሻሻ የሚያነሱት ልጆች 'ውሃው ከበደን' እያሉ በየቀኑ ይነጫነጩብኛል።»

«ለላሜ ስጠኝ።»

«ለፒያኖ? በቃ ላሟ ጾም ገባች በሉኛ!» አለና ሥራውን ትቶ ሳቀ። ግን ልጁ ልቡ ጥሩ ነው፤ የመጀመሪያውን ማዳበሪያ እሱ ራሱ ተሸክሞ ግቢዬ ድረስ አመጣልኝ።

ፍሬው እንዳያንቃት እየለየሁ ጣልኩትና ልጣጩን ከድርቆሿ ጋር ቀላቅዬ ሰጠኋት። አበላሏን ብታዩ! ግርግሙን ልሳ ልሳ አበራችው። ትንሽ ሰንበት ብሎ ጸጉሯ መብረቅ ጀመረ፣ ወተቱም ከግንዱ አልፎ የመጀመሪያውን ቅጠል ነካ። እኔም በሰፈሩ አንገቴን ቀና አድርጌ መሄድ ጀመርኩ። በጋሽ ተክላይ ልኳንዳ በር ሳልፍ ሆን ብዬ ቀስ እል ነበር። ሱቃቸው ለጾም ተዘግቷል፤ እሳቸው ግን በሩ ላይ ወንበር አውጥተው ፀሐይ ይሞቃሉ።

«ላሚቱ እንዴት ናት?» ይሉኛል።

«ለእርስዎ አልተመቸችም» እላለሁ።

ጾሙ ሲጋመስ ሰላሀዲን ማዳበሪያውን ሲሰጠኝ ፊቱ በደስታ እያበራ ነበር። «ዛሬ የተለየ ነው፣ እትዬ። ደንበኞቼ አቮካዶን ምን እንደሚሉት ያውቃሉ? የጾም ቅቤ! ቅቤ ለጾመኛ ከሆነ ላሟንማ ምን ያድርጋት? ከዛሬ ጀምሮ ልጣጩንም ፍሬውንም ጨምሩላት ብያለሁ።»

ደስ አለኝ። ለምን ደስ አይለኝም? አቮካዶ ውድ ነው፣ ወዛም ነው፤ ሴቱ ሁሉ ጸጉሩን የሚቀባው እሱን ነው። ምርቱ ደርሶ ስለነበር ደግሞ ሰው ሁሉ ስፕሪስ ነበር የሚያዘው፣ ማንጎውም ፓፓያውም አቮካዶውም በአንድ ብርጭቆ ተደራርቦ። የሚልጡትም በአንድ ባልዲ ነበር የሚጥሉት። አረንጓዴውን ልጣጭ ከላይ ከላይ እየመረጥኩ በእጄ አጎረስኳት።

ወተቱ ወረደ። ከቅጠሉ ወደ ግንዱ፣ ከግንዱ ወደ ባልዲው ወለል። ግቷ አብጦ ጋለ፤ እጄን ሳስጠጋ እግሯን ታነሳለች። በሕይወቷ እግር አንስታብኝ የማታውቅ ላም። የወጣችውም ጥቂት ወተት ውሃ ውሃ ትላለች።

«ማንጎው ነው» አለ አባይነህ። «አይኑ፣ ላም የምትበላው ከብት የሚበላውን ነው እንጂ...»

«ዝም በል።»

«እኔ የምልሽ...»

«አባይነህ፣ ዝም በል!»

ዝም አለ። ሰፈሩ ግን ዝም አላለም። ማንጎ ሆድ ይበጠብጣል ያለ አለ፣ ማንጎ ያሞቃል ያለ አለ፣ ፍራፍሬ ለላም ጥጋብ ነው ያለም አለ። ጋሽ ተክላይ ወሬው ደርሷቸው በበሩ አጮልቀው አዩና ራሳቸውን ነቅንቀው ሄዱ። ቢስቁ ይሻለኝ ነበር። በረቱ ውስጥ ገብቼ የፒያኖን አንገት አቅፌ አለቀስኩ። የአባቴን የመጨረሻ ላም በገዛ እጄ እያጎረስኩ ገደልኳት ብዬ አለቀስኩ።

በማግስቱ ብሩክታይት ወተት ልትገዛ መጣች። ብሩክታይት የጎረቤቴ የመምህር ጥበብ ልጅ ናት። የእንስሳት መኖ ነው የተማረችው፤ ቴዎድሮስ አደባባይ ያለ መሥሪያ ቤት ውስጥ ትሠራለች። እውነቱን ለመናገር ቀን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ ስለምትቀመጥ ላም በአካል አይታ የምታውቅ አይመስለኝም ነበር።

«ወተት የለም» አልኳት።

«ለምን?»

ነገርኳት። ቦርሳዋን በረንዳው ላይ ጣል አድርጋ የቢሮ ጫማዋን እንኳን ሳታወልቅ በረቱ ውስጥ ገባች። ግቱን ዳሰሰች፣ ዓይኗን አየች። «እትዬ አይናዲስ፣ ማንጎ እንዲህ አያደርግም» አለች። «ማዳበሪያው ውስጥ ያለውን ሁሉ እስቲ ሸራ ላይ ይዘርግፉልኝ።»

ዘረገፍኩት። ቢጫ፣ ብርቱካንማ፣ አረንጓዴ። በመሐሉ እነዚያ ድቡልቡል ትልልቅ ፍሬዎች።

«ይሄስ?»

«አቮካዶ ነዋ! የጾም ቅቤ።»

እጇን ጭንቅላቷ ላይ ጫነች። «ለእኛ ቅቤ ነው። ወተት ለምትሰጥ ላም ግን ልጣጩና ፍሬው መርዝ ነው። ሌላ ቦታ አይሄድም፣ ግቷ ላይ ነው የሚወጣው። ቅጠሉም እንደዚያው ነው።»

«ማንጎውስ?»

«ማንጎው ምን አደረገ? ማንጎው ነጻ ነው።»

የታሰረ ወንድሜ የተፈታልኝ ያህል ደስ አለኝ። ወዲያው ደግሞ ተናደድኩ፣ በማን እንደምናደድ ግን ጠፋኝ። ማን ቅቤን ይጠረጥራል?

ብሩክታይት የምታውቀውን የእንስሳት ሐኪም ጠራችልኝ። ግቷን በሞቀ ውሃ እያሸሁ ቶሎ ቶሎ እንዳልባት፣ የሚወጣውም ወተት እንዲደፋ አዘዘ። ይመለሳል ወይ አልኩት። «የበላችው ብዙ ካልሆነ ይመለሳል። ብዙ ከሆነ ግን በዚህ ወሊድ ላይመለስም ይችላል» አለ። ፍርጥ ያለ እውነት መናገር የሚወድ ሰው ነው።

አባይነህ ስልኩን አወጣ። «ለጋሽ ተክላይ ልደውልላቸው። ሳይብስባት...»

«ሆሳዕና ደረሰ እንዴ?»

«አልደረሰም፣ ግን...»

«እንግዲያው ስልክህን ኪስህ አግባ።»

ሰላሀዲን ሲሰማ እየሮጠ መጣ። በሩ ላይ ቆሞ መግባት አቃተው። «እኔ ነኝ የጨረስኳት፣ እትዬ። እኔ ነኝ» ይላል፣ ዓይኑ እንባ አቅርሮ።

«አልሞተችም! አሟርተህ ደግሞ እንዳትጨርሳት!» ብዬ ጮህኩበት። ከዚያ ሻይ ሰጠሁት። በደግነት የተሳሳተን ልጅ ምን ታደርገዋለህ?

በማግስቱ ጁስ ቤቱ ጓሮ በርጩማ ይዤ ሄድኩ። ሰላሀዲን ቢጫ ባልዲ ገዝቶ በመላጫው ጠረጴዛ ሥር አስቀመጠ። ሕጉን ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ ማንጎ ይግባ፣ ፓፓያ ይግባ፣ አቮካዶ ግን ወዲያ ይበል። ጠዋት ጠዋት እዚያ እየተቀመጥኩ እያንዳንዱን ልጣጭ በእጄ ለየሁ። ስፕሪስ በታዘዘ ቁጥር ልቤ ይደነግጣል። አንዱ ሠራተኛ ተዘናግቶ አረንጓዴ ልጣጭ ቢጫው ባልዲ ውስጥ ሲጥል፣ እስከ መንገዱ የተሰማ ጩኸት ጮህኩ፤ ደንበኛ ብርጭቆውን ይዞ ምን ተፈጠረ ብሎ ወደ ጓሮ መጣ። ሰላሀዲን «ምንም አይደለም፣ የላሟ ጠበቃ ናቸው» አለው። ከዚያ ቀን ወዲህ በዚያ ሰፈር ስሜ ጠበቃዋ ሆኖ ቀረ። ቅር አላለኝም።

ብሩክታይት ደግሞ ማታ ከሥራ ስትወጣ እየመጣች አዲስ ነገር ትጨምራለች። «ዋናውን እኮ እየጣሉት ነው» አለችኝ፣ የጣልኩትን የማንጎ ፍሬ ክምር አይታ። «ልጣጩ ስኳር ነው፣ ጥሩ ነው። ግን ይሄ ጠንካራው ሲሰበር ውስጡ ያለው አስኳል እንደ እህል ነው፤ ጉልበትም ቅባትም አለው። የፉርሽካውን ግማሽ ይተካልዎታል።»

አንዱን ሰብሬ ቀመስኩት። አፌን ጨመደደው። «ይሄን ነው ፒያኖ የምትበላው?»

«ጥሬውን አትበላም፣ ብትበላም ይጎዳታል። ያፍሉትና ውሃውን ይድፉት፤ የሚጨመድደው ነገር ከውሃው ጋር ይሄዳል። ከዚያ ያድርቁት፣ ይፍጩት።»

በርሜል ተጣደ። የመጋቢት ፀሐይ ደግሞ ምን ሲሠራ ኖሯል? ከቤቱ ቆርቆሮ ላይ ሸራ ዘርግቼ የተቀቀለውን አስኳል አሰጣሁ። ችግሩ መስበሩ ነው። የማንጎ ፍሬ ቅርፊቱ እልኸኛ ነው፤ መዶሻ ሲያርፍበት ያዳልጥና ይፈናጠራል። አንድ ቅዳሜ ከረፋዱ ጀምሮ ስቀጠቅጥ፣ አባይነህ መስኮቱን ዘጋ። ቆይቶ ከፈተው። ቆይቶ ወጣና አጠገቤ ቆመ።

«እንዲህ አይመታም» አለ።

«እንዴት ነው የሚመታው?»

«በጠርዙ አቁሚው። በጠርዙ።»

መዶሻውን ከእጄ ወስዶ በጠርዙ አቁሞ መታው። ለሁለት ተከፈለ። ሌላውንም መታ። የቢሮ ሸሚዙን እጅጌ ሰብስቦ እስኪመሽ መታ፣ እኔም ምንም አላልኩትም፤ ቃል ከተናገርኩ ያቆማል ብዬ ፈራሁ። በቀጣዩ ቅዳሜ ሳልጠራው መጣ።

አሁንም አንድ ነገር ጎደለን። ብሩክታይት እንደነገረችኝ ማንጎ ጉልበት ይሰጣል እንጂ ሰውነት የሚገነባው ነገር አነስተኛ ነው፤ ለዚያ ፋጉሎ ያስፈልጋል። ፋጉሎ ደግሞ አቅማችን አይደለም። «ቆላ ቢሆኑ የግራር ፍሬ ነበረ» አለች እንደዋዛ። «ፍየሎቹ በበጋ የሚከርሙት በሱ ነው።»

የሰላሀዲንን ማንጎ ከአርባ ምንጭ በአይሱዙ የሚያመጣው ሙደሲር የሚባል ሾፌር አለ። ልመናዬን በስልክ ሰማና «የግራር ፍሬ? እዚህ እኮ ጎማ የሚረግጠው ነው» አለ። በሚቀጥለው ጭነት ከማንጎው ሳጥን ላይ ሁለት ማዳበሪያ ጠማማ ፍሬ ጭኖ መጣ። አባይነህ በሙቀጫ ወቀጠው፤ ዘሩ ሳይደቅቅ ከገባ እንደገባ ስለሚወጣ ነው። የማንጎ አስኳል፣ የደረቀ ልጣጭ፣ የተወቀጠ ግራር፣ ትንሽ ፉርሽካ፣ ቁንጥር ጨው። ፒያኖ አሸተተችው። ቀና ብላ አየችኝ። ከዚያ አፏን ከተተች።

ግቷ ቀስ በቀስ ለሰለሰ። ሙቀቱ ወረደ፣ ወተቱ ነጣ። አንድ ጠዋት ወተቱ ግንዱን ሸፈነ። ሌላ ጠዋት የታችኛው ቅጠል ጠፋ። ከዚያ የላይኛው ቅጠል። አባይነህ ሥራ ከመሄዱ በፊት ባልዲው ውስጥ ሳያይ አይወጣም ነበር፤ እንደ አባቴ ጎንበስ ይላል። አበባው ግን አልሸፈን አለ። የሆሳዕና ዋዜማ ቅዳሜ ጠዋት የቀዩ አበባ አናት ብቻ ከወተቱ በላይ ቀረ፣ ልክ ሊያናድደኝ የተቀመጠ ይመስል።

እሑድ እሑድ የማልባት ከቅዳሴ መልስ፣ አርፍጄ ነው። ያን ቀን ከጊዮርጊስ ስወርድ ዘንባባው ግንባሬ ላይ እንደታሰረ ነበር፣ የጸለይኩትን ግን አልነግራችሁም። ግቢ ስገባ ጋሽ ተክላይ ደርሰዋል። ጣታቸው ላይ የዘንባባ ቀለበት፣ ትከሻቸው ላይ አዲስ ገመድ። ሰላሀዲን ጁስ ቤቱን ለሠራተኞቹ ጥሎ መጥቷል። ብሩክታይት ከአምልኮ መልስ ከአባቷ ጋር ነው የመጣችው። ጎረቤቱም በአጥሩ ላይ ተንጠልጥሏል።

እጄን ታጠብኩ። ግቷን በሞቀ ውሃ አጠብኩ። ባልዲውን በጉልበቶቼ መሐል ይዤ ጀመርኩ። መጀመሪያ ወተቱ የባልዲውን ወለል ሲመታ ጠንከር ያለ ድምፅ ነበረው፤ እየሞላ ሲሄድ ድምፁ ወፈረ። በአጥሩ ላይ ያለው ጎረቤት ሁሉ አንገቱን አሰገገ። ፒያኖ እንኳን ማመንዠኳን አቁማ ነበር። እጄ ሲዝል አባይነህ መጥቶ ከኋላዬ ቆመ፣ ጀርባዬን በጉልበቱ ደገፈልኝ። የመጨረሻዋን ጠብታ አወጣሁና ባልዲውን መሬት ላይ አስቀመጥኩ።

ነጭ ብቻ ነበር የሚታየው። ሰላሀዲን ዘለለ። «ቀወጠችው! ፒያኖ ቀወጠችው!»

«ቆይ» አሉ ጋሽ ተክላይ። «አረፋ ነው። አረፋ አይቆጠርም።»

ልናገራቸው አፌን ከፈትኩ። ግን ልክ ናቸው፤ አባቴም አረፋ አይቆጥርም ነበር። «ይውረድ» አልኩ። ሁላችንም ባልዲውን ከበን ቆምን። አረፋው ጠብ ጠብ እያለ ይፈነዳል፣ እየሳሳ ይወርዳል። ከወረደ በኋላ የሚቀረውን ነገር ማየት ፈራሁና ዓይኔን ጨፈንኩ። እኔ፣ አይናዲስ፣ ዓይኔን ጨፈንኩ።

«አይኑ» አለ አባይነህ።

«ምን ይታያል?»

«ምንም አይታይም።» ድምፁ ተሰነጠቀ። «አበባው የለም፣ አይኑዬ። አበባው የለም!»

ዓይኔን ገለጥኩ። ወተቱ ጸጥ ብሎ ተኝቷል፣ ከአበባው ጣት የሚያህል ከፍ ብሎ። እልልታው ከአጥሩ በላይ መጣ፤ ብሩክታይት የቢሮ ሰውነቷን ትታ እያጨበጨበች ነው፣ ሰላሀዲን ጋሽ ተክላይን አቅፎ ያዞራቸዋል። እኔ የፒያኖን ግንባር ስሜ እየሳቅኩ አለቀስኩ። ድምፁን ከፍ የማያደርገው ባሌ ደግሞ በሰፈሩ ፊት «ሚስቴ እኮ ናት!» ብሎ ጮኸ። ያን የሚያህል ነገር ሰምቼ አላውቅም።

ጋሽ ተክላይ ከሰላሀዲን እቅፍ ሲለቀቁ ጋዋናቸውን አስተካክለው ባልዲው ውስጥ ደግመው አዩ። «አልካድኩም» አሉ። «ሸፍኗል።» ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እ... ለፋሲካ ጠዋት ልጆቹ እርጎ ይወዳሉ። ከዚህ ላም ይገኝ ይሆን?»

«ይገኛል፣ ጋሽ ተክላይ። እንደማንኛውም ሰው ሰልፍ ይይዛሉ።»

ሳቁ፤ የዛሬው ሳቃቸው ጆሮ አይቆረቁርም። ሊሄዱ ሲዞሩ ጠራኋቸው።

«ገመዱን ይተዉልኝ።»

«ምን ያደርግልሻል?»

«ይተዉልኝ ብቻ።»

ከትከሻቸው አውርደው ሰጡኝ። ጠንካራ አዲስ ገመድ ነው፣ ጥሩ አድርገው ነው የመረጡት። ጠዋት ጠዋት ከሰላሀዲን ጓሮ የማንጎውን ማዳበሪያ ጠፍሬ የምሸከመው በሱ ነው። በልኳንዳው በር ሳልፍ አሁንም ቀስ እላለሁ።